ሳንሱሩን በነፃ ስንሠራላቸው

እኔን የሚያናድደኝ ውሸቱ አይደለም። ውሸትማ ቢያንስ ይነቃበታል። የሚያበግነኝ ሥልጣን ላይ ያሉት ቃሉን ቀድመው ቀይረውት፣ እኛም ሳናላምጥ ተቀብለን እንደ ራሳችን ሐሳብ ስንከራከርበት ማየት ነው። ሰው ሲገደል "እርምጃ ተወሰደ"፣ ከቤቱ ሲባረር "ተነሺ"፣ ዋጋ ሲንር "ማስተካከያ"። ማን ገደለ? ማን አባረረ? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አድራጊ የለም እኮ! አድራጊ ከሌለ ደግሞ ማንን ትጠይቃለህ?

ተራ የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ በሕግ ባላስከበሩት። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬንን ስትወር "ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ" አለችው፤ ስለ ሠራዊቱ "ሐሰተኛ መረጃ" ያሰራጨን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ሕግም በቀናት ውስጥ አወጣች፣ ሐሰተኛውን የሚለየው ያው መንግሥት ራሱ ነው። ሌላ ቃል እንዳይሰማም ይከለክላሉ፦ ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1939 የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥን ወንጀል አደረጉት። ማዳመጥን! ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ሬዲዮው ራሱ ከመንግሥት ጣቢያ ውጪ እንዳይስብ ተደርጎ ነው የሚመጣው።

እሺ፣ እነሱ አምባገነን ናቸው እንበል። ነፃ ነኝ ባዩስ? የማኅበራዊ ሚዲያው አልጎሪዝም፣ ማለትም ምን እንደሚያይ የሚመርጥለት ፕሮግራም፣ የሚወደውን እየመረጠ ያጎርሰዋል፣ እሱም "ሁሉም ሰው እንደኔ ነው የሚያስበው" ብሎ ቁጭ። አንዱ ደፍሮ ጥያቄ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም፣ ስም ይለጠፍበታል እንጂ፦ ከሃዲ፣ ተላላኪ፣ ተከፋይ። አለቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚለውን ማንም አይሰማውም። ይሄን እንድናደርግ ደግሞ ያስገደደን የለም፣ ደሞዝ እንኳን አይከፍሉንም!