ሞተር አጥፍቶ በእጅ መግፋት አያሳፍርም

ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን የክንፏ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው። አብራሪው ይህን ሁሉ ክንፍ ይዞ በነዳጅ ቦቴ፣ በቆሙ አውሮፕላኖችና በተከፈተ የሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) በር መካከል መሬት ላይ እየነዳ ያልፋል። አብራሪዎች ይህን «ታክሲ ማድረግ» ይሉታል። እዚህ ላይ የሚላጥ ክንፍ ጥቂት አይደለም።

የምለው ይህን ነው፦ ማለፉ ካጠራጠረህ ቁም። ሞተሩን አጥፋ፣ ውረድና እይ፣ ካስፈለገ በእጅ ግፋ። ሥራው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ይሉኝታው ነው። አስተማሪ አጠገብህ ተቀምጦ፣ ተሳፋሪ እያየህ፣ ከኋላ ሌላው እየጠበቀ መቆም ያስጨንቃል። ስለዚህ «ያልፋል፣ ያልፋል» ተብሎ ይገባል።

ዓይን ደግሞ ያታልላል። በክንፍ ጫፍና በምሰሶ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሜትር ይሁን 30 ሳንቲም፣ ወንበር ላይ ሆኖ መለየት አስቸጋሪ ነው። ቀኙን በጎን የተቀመጠው ሰው ይጋርዳል። ስትዞር ጭራው በተቃራኒው በኩል ይወጣል፤ ፊት ፊቱን የሚያይ ሰው ይህን ይረሳል። አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ በሞተራቸው ወደ ኋላ አይሄዱም። ጠባብ ቦታ ከገባህ፣ ያው መገፋትህ አይቀርም።

መሬት ላይ የተቀባውን የመንገድ ምልክት ይዘው «ቢጫውን መስመር ተከትያለሁ» የሚሉ አሉ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ክንፋቸው ከ24 ሜትር በታች ለሆኑ አውሮፕላኖች በማቆሚያ ቦታ 3 ሜትር ክፍተት ይጠይቃል። አንድ ቦቴ አለቦታው ከቆመ ግን ያ 3 ሜትር የለም፤ መስመሩም አይነግርህም። በእጅ ምልክት የሚመራህ ሰው ቢኖርም ኃላፊነቱ ያንተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውዮርክ፣ ኬኔዲ ኤርፖርት፣ የኤር ፍራንስ ግዙፍ አውሮፕላን ኤ380 የክንፍ ጫፍ፣ ኮምኤር የተባለውን አየር መንገድ ትንሽ ጄት ጭራ መትቶ አሽከረከራት። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ እንደ ካሜራ ያለ መሣሪያ እንዲገጠም መከረ። ለሴስና አንድ ሰው ክንፉ ጫፍ አጠገብ ቢራመድ ይበቃል። የጭነት መኪና ሹፌር እንኳ ጠባብ ቦታ ሲገባ ረዳቱን ያወርዳል፤ ማንም አይስቅበትም። እዚህ ግን ሞተሩ ሳይጠፋ ማንም አይውረድ። የሚሽከረከር ፕሮፔለር አይታይም፣ ይገድላል።

የግጭቱ ዋጋም ቀለም መቀባት ብቻ አይደለም። ፕሮፔለር ጠንካራ ነገር ከመታ ሞተሩ ተፈትቶ ይመረመራል። ክንፍ ላይ ጭረት ብቻ የሚመስለው ምት ውስጡን አጣሞት ሊሆን ይችላል። ዝም ተብሎ ከታለፈ፣ ጣጣው በማግስቱ ለሚበርረው ሰው ይተርፋል።

የበረራ ትምህርት ቤቶችን የምጠይቀው፣ ተማሪው ብቻውን ከመብረሩ በፊት ሆን ብላችሁ ጠባብ ቦታ ስጡት። አስተማሪው ዝም ይበል። ልጁ ቆሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ ካየ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው።