ባህል አክባሪው

የአክስቴ ልጅ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ብዙ ዓመት ኖሮ መጣና እናቴ ምሳ ጠራችው። ገና የመጀመሪያው እንጀራ ሳያልቅ "ልጨምርልህ?" አለችው። "እሺ" አለ። በአንድ ጥያቄ! እናቴ እንጀራውን እንደያዘች ቀረች። ደንበኛ እንግዳ ሁለቴ "ጠገብኩ" ብሎ ተግደርድሮ፣ "በሞቴ" ሲመጣ ነው እጅ የሚሰጠው። ማድ ቤት ጠርታኝ "ምነው፣ እዚያ አያበሏቸውም እንዴ?" አለችኝ።

እሱ ደግሞ "ሳይጠግቡ ጠገብኩ ማለት ውሸት አይደለም?" ይለኛል። ውሸትማ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ውሸት የሚባለው ሌላው ሰው ሲናገረው ነው።

ሂሳብ ላይ ባሰ። አራት ሆነን እራት በላንና ሦስታችን አስተናጋጁን እንጓተተው ጀመር፤ አንዱ ክንዱን ይይዛል፣ አንዱ "ከእሱ ብትቀበል ተጣላን" ይላል። የአክስቴ ልጅ ጠብ የተነሳ መስሎት ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። እዚያ አገር ቲኪ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 ኤቢኤን አምሮ ባንክ ያወጣው፣ አብሮህ የበላ ወዳጅ "ድርሻህ ይህን ያህል ዩሮ ነው" ብሎ በስልክህ የሚልክልህ። እኔ ብሆን ቁጥሬን እቀይር ነበር። ለእሱ ግን ነውሩ ወዳጅ ላይ ዕዳ ጥሎ ማደር ነው።

ለእናቴ የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የጻፈውን አወራኋት። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ግሪኮቹን ጠርቶ "ስንት ቢሰጣችሁ የሞቱ አባቶቻችሁን ትበላላችሁ?" አላቸው። "በምንም!" አሉ። ወላጆቻቸውን የሚበሉትን ካላቲያይ የተባሉ ሕንዶች ደግሞ "ስንት ቢሰጣችሁ እንደ ግሪኮቹ በእሳት ታቃጥሏቸዋላችሁ?" ቢላቸው ጮኹ። ሄሮዶቱስ ከዚህ ተነስቶ ልማድ የሁሉ ንጉሥ ነው ይላል። እናቴ ግን ከታሪኩ የያዘችው ሌላ ነው፦ "አባት የሞተበትን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ! አሳዳጊ የበደለው ንጉሥ!" ይህ ነውር የማይሆንበት አገር አለ ብላ አታስብም።

እኔ እንኳ የሄሮዶቱስንም የእናቴንም ይዣለሁ። ቀጠሮ ሳረፍድ "ባህላችን ነው" እላለሁ፤ ሲያረፍዱብኝ ግን የሰው ልጅ ሁሉ ሕግ ፈርሷል።

በሳምንቱ የአክስቴ ልጅ ተምሮ መጣ። "ልጨምርልህ?" ስትለው ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ "ኧረ ጠገብኩ" አለ። እናቴም ተምራ ነበርና ትሪውን አነሳችው።

ማታ ሲደውልልኝ ሽሮ ቤት ወሰድኩት። ሂሳቡ ሲመጣ የአስተናጋጁን ክንድ ይዞ "በእናትህ፣ ከእሱ እንዳትቀበል!" አለ። ባህል አክባሪ ነኝና ተውኩለት።