ድርሻ የሌለው ባለድርሻ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ስለ ሥራ ዕድል ፈጠራ በተጠራ መድረክ ላይ አንድ ኃላፊ «ወጣቱ ሥራ ያጣው ስለሚያማርጥ ነው፤ ከባለድርሻ አካላት ጋር ሆነን አመለካከቱን በሥልጠና እንቀይራለን» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ያማርጣል? ዲግሪውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ መተማ የሚወርደው፣ ከወባ ጋር እየታገለ ሰሊጥ የሚያጭደው ማን ሆነና ነው? ፒያሳ ላይ የሊስትሮ ዕቃ ዘርግቶ የተቀመጠውስ? የሚያማርጥ ከተፈለገ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ የትኛው ሆቴል ይሻላል፣ አበሉ የስንት ቀን ይታሰብ የሚለው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ያቺ «ባለድርሻ» የምትባል ቃል ናት። ባለድርሻ ማለት ድርሻ ያለው ማለት ነው፣ ሲተርፍ የሚያተርፍ፣ ሲከስር የሚከስር። መድረኩ ላይ የተቀመጡት እነማን ናቸው? መምሪያው፣ ማሠልጠኛው፣ አበዳሪው፣ ረጂ ድርጅቱ። ሥልጠናው ሰመረም ከሸፈም የእነሱ ነገር አይነካም፤ ሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ወጣት ሠለጠነ» ከተጻፈ፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ከተነሡ አለቀ። የሚከስረው ከእናቱ የታክሲ ብር እየለመነ ሁለት ወር የተመላለሰው ልጅ ነው፣ እሱ ግን ባለድርሻ አይባልም፤ «ተጠቃሚ» ነው ስሙ። አዘዞ ያለውን ባለ ጋራዥ «ምን ዓይነት ልጅ ትቀጥራለህ?» ብሎ የጠየቀው አለ? ካለ ይንገረኝ። ቀጣሪው ሳይጠየቅ፣ ሠልጣኙ ሳይጠየቅ ርዕሱ ከላይ ተወስኖ ይመጣል፤ ከዚያ እኛ አመለካከታችን ነው የተበላሸው!

የእህቴ ልጅ ሦስት ሰርተፍኬት አለው። የኮምፒውተር ጥገና፣ ሥራ ፈጠራ፣ እንደገና ሥራ ፈጠራ። ብድር ሲጠይቅ ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ ተባለ። መንግሥት የሚያከራየውን የመሥሪያ ሼድ ሲጠይቅ ተራህን ጠብቅ። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅም እንዲሁ ተጨብጭቦ ነበር። በ2016 ክረምት ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና በኢንተርኔት ተማሩ ሲባል፣ እኛ ስንት ወር ያለ ሞባይል ዳታ ከርመን ነበር የሰማነው።

ሥልጠና አልጠላም። እዚሁ ከተማ በ1947 የጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለቴ ነው፣ ጤና መኮንን የተሠለጠነው ገጠር ያለው ጤና ጣቢያ ሰው ስለሚፈልግ ነበር። ተማሪው ገና ሳይመረቅ ከነርሱና ከንጽሕና ባለሙያው ከሳኒቴሪያኑ ጋር በቡድን እዚያው ወርዶ ይሠራ ነበር። ቦታው ቀድሞ ይታወቃል፣ ሰውየው ለቦታው ይዘጋጃል። አሁን ተገልብጦ መጀመሪያ ሠልጥን፣ ሥራው በኋላ እግዜር ያውቃል ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ አራተኛ ሥልጠና ተደወለለት፤ የአመለካከት ለውጥ ነው አሉት። አልሄደም። ሰሊጥ ደርሶ መተማ ወርዷል።