ወደ ላይ ሳብ አድርገው

ዩኒቨርሲቲ አጠገብ መኖር «ነፃ ትምህርት» ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እውነት አለው፤ ግን የቤት ኪራዩን ነገር በአንድ መስመር ማለፉ አልተዋጠልኝም። ተማሪዎች አንድ ክፍል ለአራት ሆነው ይከራያሉ፤ ያንን ዋጋ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ነዋሪውና ተማሪው ሲበዛ ሰዉ ፎቁን ወደ መንገዱ እያስረዘመ በምሰሶ ደገፈው፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1288 ይህንኑ ግዴታ አደረገችው። እነዚያ ባለ ቅስት መተላለፊያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። የማደሪያ ጥበት የወለደው ውበት በሉት!

እኔ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለ ሰፈር ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። የምወደው ያገለገሉ መጻሕፍቱን ነው። አንድ የሕግ መጽሐፍ ገዝቼ ኅዳጉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ስህተት!»፣ ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ስህተቱ ያንተ ነው» የሚል አገኘሁ። የማልወደው የትምህርት ዘመኑን መጨረሻ ነው። ደጃፉ ሁሉ ፍራሽና የተሰበረ ወንበር ይሆናል፤ ስሙን ገና የለመድኩት ልጅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ከሁለት ወር በኋላ እዚያው በር ላይ ሌላ ልጅ ቁልፉ አልከፍት ብሎት ሲታገል አገኘዋለሁ። «ወደ ላይ ሳብ አድርገው» እለዋለሁ፤ በሩ የኔ ባይሆንም ጠባዩን አውቀዋለሁ።