ማስተካከያ፦ የስርቆት ሕጉ ሐዋሳና አዳማ አንድ ነው

ባለፈው ጽሑፌ «ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ ስርቆት የሚያስቀጣው በክልሉ ሕግ ነው» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። የወንጀል ሕጉን የሚያወጣው የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሎች መደንገግ የሚችሉት ይህ ሕግ በግልጽ ባልሸፈነው ጉዳይ ላይ ነው። ያረጋገጥኩት ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(5) እና ከ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

ስለዚህ ተራ ስርቆት ሐዋሳም አዳማም የሚያስጠይቀው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ነው፦ እንደ ነገሩ ክብደት ቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። «ሌባው የሰረቀው አዳማ ቢሆን ቅጣቱ ይቀልለት ነበር?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል፤ ጥያቄውን ያመጣው የእኔው ጽሑፍ ነው። ሕጉ አይቀልም። የሚያከብደው የተሰረቀበት ከተማ ሳይሆን አሰራረቁና የተሰረቀው ነገር ነው፤ ከባድ ስርቆት በአንቀጽ 669 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል።

የቀድሞውን ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።