አሥራ አምስት ጎራሽ ለመኝታ ቤት

ከዋሽንግተን ዲሲ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው በሬገን ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያ ሰሞኑን ፖለቲካ ቀዝቅዟል። የቤት ዋጋ ወሬም ሰልችቷል። የደራው የሽጉጥ ወሬ ነው። ወረፋ እስኪደርስ አንዱ መኪና ኮፈን ላይ የቡና ኩባያ ይደረደርና ዓለም ላይ የተሠራ ሽጉጥ ሁሉ ይገመገማል። ክብደቱ፣ ጎራሽነቱ፣ የቃታው ልስላሴ፣ የእጀታው ምቾት። ታዲያ ከገምጋሚዎቹ ገሚሱ ሽጉጥ የለውም። ያለውም ይዞት አልመጣም። ለምን እንደማይመጣ ቆይተን እንደርስበታለን።

ሽጉጥ ለምን አስፈለገ ሲባል ሁሉም አንድ አፍ ነው። "ራስን ለመጠበቅ።" ከማን? እዚህ ጋ መልሱ ይንገዳገዳል። "ኧረ ጊዜው ከፍቷል!" ይባላል። እሺ ከፍቷል። ምርጫው ላይ ስንደርስ ግን የከፋው ጊዜም ሌባውም ከናካቴው ይረሳሉ። ሰው ሽጉጥ ሲያማርጥ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የራሱ ቁመና ነው።

አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ባለ ውጅግራው ባለ ምንሽሩን ያይና ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል። ጠላት መጥቶበት አይደለም። ለጥምቀት ምን ይዞ እንደሚወጣ እያሰበ ነው።

እስቲ ከታላቃችን እንጀምር። ስማቸውን ልተወውና በመጠሪያቸው ጋሼ ማካሮቭ ልበላቸው። በቀድሞው ጦር መኮንን ነበሩ። ለእሳቸው ሽጉጥ ማለት ማካሮቭ ነው፤ የቀረው ሁሉ መጫወቻ ነው። ማካሮቭ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ስምንት ጎራሽ ነው። በደርግ ጊዜ የመኮንኑም የካድሬውም ወገብ ላይ የምናውቀው እሱን ነው። ችግሩ ጥይቱ ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ይባላል እንጂ እዚህ በየሱቁ ከሚሸጠው ዘጠኝ ጋር አይገጥምም። የምሥራቁ ቀለህ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ የምዕራቡ 19 ነው። "ቀዝቃዛው ጦርነት ማለት እኮ ይቺ አንድ ሚሊ ሜትር ናት" ይላሉ ጋሼ፣ ኩባያቸውን እያሽከረከሩ።

አንድ ቀን ከመካከላችን ደፋሩ ልጅ፣ "ለመሆኑ ጋሼ፣ ተኩሰውበት ያውቃሉ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ምን ያስተኩሰኛል?" አሉ። "ጃኬቴን ገለጥ ሳደርግ የዳቦው ሰልፍ መንገድ ይለቅልኝ ነበር።"

ይኸውላችሁ ተግባራዊ ጥቅም ማለት። ሽጉጥ በዘመኑ ጃኬት መግለጫ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ጃኬት ገለጥ እያደረግህ ሰው ብታስፈራራ በወንጀል ትጠየቃለህ። ሰልፍ አይከፈትልህም፤ የሚከፈትልህ ፋይል ነው።

ደፋሩ ልጅ የግሎክ ሰው ነው። "ግሎክ ማለት የሽጉጥ ኮሮላ ነው" ይላል። "አይበላሽም፣ መለዋወጫው በየቦታው አለ፣ ስትሸጠውም ዋጋውን አይጥልም።" ታክሲ ነጂ ፊት ከዚህ የበለጠ ክርክር የለም። የሚያወራው ስለ ግሎክ 19 ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ፣ አሥራ አምስት ጎራሽ፣ ገላው ፕላስቲክ። መልክማ የለውም። የፈጠረው ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም፤ የሚያመርተው የመጋረጃ ዘንግና ቢላ ነበር። የአገሩ ጦር አዲስ ሽጉጥ ሲፈልግ "እኔስ?" አለ፤ ሠራም። በ1982 ጦሩ ግሎክ 17ን ተቀበለው። እኛ ዘንድ ቢሆን "አርፈህ መጋረጃህን ስቀል" ይባል ነበር።

ጋሼ ማካሮቭን የሚያንገበግባቸው ግሎክ በአውራ ጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የሌለው መሆኑ ነው። መጠበቂያው እዚያው ቃታው ላይ ነው። ጣትህን አስገብተህ ካልሳብከው አይተኩስም።

"ሰይጣን ጣቴን ቢስበውስ?" ይላሉ ጋሼ።

ልጁ መልስ የለውም። የኦስትሪያ ጦርም ይህን ጥያቄ ያነሳ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ባለ ሊከር ስቶሩ ነው። ታክሲ ከተወ ቆይቷል፤ ወሬው ግን ናፍቆት ይመጣል። እሱ ኮልት ነው የሚለው፤ 1911። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር በዚያው በስሙ ዓመት ተቀብሎ እስከ 1985 ድረስ ዋና ሽጉጡ ያደረገው። ሰባት ጎራሽ፣ ባለ ፎርቲ ፋይቭ፤ ጥይቱ ከዘጠኝ ሚሊ ሜትሩ ይወፍራል። ባዶውን ከኪሎ በላይ ይመዝናል። "ለምን ኮልት?" ስንለው "ግርማ ሞገስ አለዋ!" አለ። እጀታውን በወይራ እንጨት አስለውጦ የይሁዳ አንበሳ ሊያስቀርጽበት ነው። አንበሳው ወደ ግራ ይይ ወደ ቀኝ በሚለው ላይ ስንት ወረፋ አለፈን! ኢላማ ይመታ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ሱቁ ውስጥ በቆመበት ዕለት ሱሪው ወረደ። ሰውየው ቀጭን ነው፤ ቀበቶው ደግሞ ለሠርግ የተገዛ። ውስኪ ሊያወርድ ወደ ላይኛው መደርደሪያ እጁን ሲዘረጋ ሁለት ነገር አብሮ ወረደ፤ ውስኪውና ሱሪው። አሁን ሽጉጡ የሚታሰርበት ወፍራም ቀበቶ ገዝቷል። ቀጥሎ ለቀበቶው የሚሆን ሆድ ያስፈልገዋል።

የኔን አስተያየት የጠየቀኝ የለም፤ ብናገርም ኮፈኑ ዙሪያ የሚሰማኝ አላገኘሁም። አሰልቺ ነዋ። እጅህ እጀታውን ሞልቶ ይያዘው። ጣትህ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ ይድረስ። ያለ ትግል አቀባብለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አዘውትረህ ተኩስበት። በዚህ መለኪያ መካከለኛ ቁመት ያለው ባለ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ለአብዛኛው ሰው ይበቃዋል፤ የየትኛውም ጥሩ ፋብሪካ ይሁን። ብዙው ሰው ግን ለሽጉጡ የሚያወጣውን ገንዘብ ሩቡን ለጥይትና ለልምምድ አውጣ ሲሉት ፊቱ ይቀየራል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት አንዱ ጓደኛችን ከሚስቱ ጋር ሊገዛ ሲሄድ ተከትያቸው ነው። እሷ ነርስ ናት፤ ሌሊት ነው የምትሠራው። ሻጩ ገና እንዳያት ከመስታወቱ ሥር ትንሽዬ ሪቮልቨር አወጣ። አምስት ጎራሽ፣ መዳፍ የምታክል። ባልም ደስ አለው።

"ይቺ ትሆንሻለች። ቦርሳሽ ውስጥ ትገባለች።"

"ቦርሳዬ ውስጥ የመኪና ቁልፍ ፈልጌ እስካገኝ ሌባው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል?" አለችው።

ሻጩ አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶታል። አንድ መካከለኛ ባለ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጨምሮ ወደ ጓዳው መተኮሻ ወሰደንና ሁለቱንም ሽጉጦች ሞከሩ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ ነው። ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ለጀማሪ ገር ይመስላል እንጂ እጅ ይመታል። ከበድ የሚለው ክብደቱ ምቱን ይውጥለታል። ነርሷ በሪቮልቨሯ ሁለቴ ተኩሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ መካከለኛውን አነሳች። እግሯን ከፈት፣ ክንዷን ዘርጋ አድርጋ፣ በእርጋታ፣ አንድ በአንድ። ወረቀቱ መሐሉ ብቻ ተበሳ። ሌሊቱን ሙሉ የጨቅላ ደም ሥር ፈልጋ መርፌ የምታስገባ እጅ ናት፤ ምን ያንቀጠቅጣታል?

ባል ተራው ደረሰ። አቋቋሙ ጥሩ ነበር፤ ፊልም ላይ ያየውን ነው የቆመው። ግን ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ሦስተኛው ላይ የተፈናጠረው ቀለህ ከጎኑ ያለውን ከለላ መትቶ ተመለሰና በሸሚዙ ኮሌታ ገባ። ቀለህ ከሽጉጥ ሲወጣ የጋለ ነው። ሰውየው ትከሻውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን! ጥግ ላይ የነበረ ሌላ ሐበሻ እስክስታ መስሎት አጨበጨበ። "አፈሙዙን ወደ ፊት!" እያለ የሚጮኸው አስተናባሪ ግን አልሳቀም። ልክ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ነው እጅ የያዘውን የሚረሳው። ደግነቱ አስተናባሪው ክንዱን አፈፍ አድርጎ ይዞለታል።

የወረቀቱ ነገር ራሱን የቻለ ወግ ነው። ሽጉጥ ገዢ ሁሉ ሱቁ ውስጥ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ ፎርም 4473 ይባላል። በከባድ ወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል? ዕፅ ትወስዳለህ? ሽጉጡን የምትገዛው ለራስህ ነው? እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። የአባት ስም ላይ ግን ሐበሻ ይሰናከላል። የአያት ስም ያለው ሰነድ አለ፣ የሌለው አለ፤ ኃይለ ማርያም አንዱ ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ነው። የቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ ስሙን ሲያጣራ ሰውየው አንድ ይሁን ሦስት ለመለየት ይቸገራል። "ቆይ" ይባላል። "ቆይ" የተባለ ሐበሻ ደግሞ ወዲያው ሰው ደወለብኝ ብሎ ያስባል። ዕቁብ ላይ ያስቀየመውን ሁሉ በልቡ እየቆጠረ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው።

እንበልና ሁሉም አለፈ። ሽጉጡ ተገዛ፤ የካውንቲው ፍርድ ቤትም ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ሰጠ። ቃል በገባሁት መሠረት አሁን የት ይዞት እንደሚሄድ እንይ።

ከሬገን ኤርፖርት ተሳፋሪ ጭነህ የ14ኛው ስትሪት ድልድይን ስትሻገር ዲሲ ነህ። ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበልም። ለሲልቨር ስፕሪንግ ደንበኛ አገኘህ እንበል፤ ሜሪላንድም አይቀበልም። ለኡበርና ለሊፍት የምትሠራ ከሆነ ሁለቱም ሾፌሩንም ተሳፋሪውንም ሽጉጥ አትያዙ ብለዋል። ኤርፖርቱ ተርሚናል ውስጥ ክልክል ነው። ፖስታ ቤት የፌዴራል ነው፤ ክልክል ነው። ደክሞህ ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሻ ምግብ ቤት ገባህ። እዚህስ ይፈቀዳል። ነገር ግን ሽጉጥ ደብቀህ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ከተቀመጥክ መጠጥ መቅመስ አትችልም። ክትፎ በስፕራይት! ባለ ኮልቱ አንዴ ሞክሮታል። ጓደኞቹ ሁሉ ጠጅ በብርሌ ሲያወርዱ እሱ ወገቡን እየዳበሰ ስፕራይት ጠጣ። "ታመሃል እንዴ?" ያላለው የለም። ደብቆ ነው የያዘው፤ ምን ብሎ ይመልስ? "ስኳር አለብኝ" አለ። በስፕራይት ብርጭቆ ላይ ሆኖ።

እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። አደጋ ያለው መንገድ ላይ ነው ተብሎ የተገዛ ሽጉጥ መንገዱን አያውቀውም። ባለቤቱ ዲሲን ሲዞር ያድራል፤ ሽጉጡ መኝታ ቤት ይተኛል። የሚጠብቀው አልጋውን ነው።

አልጋ ሥር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቨርጂኒያ ውስጥ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ በግዴለሽነት መተው ወንጀል ነው። ሕግ ባይኖርስ? ስለዚህ በቁጥር የሚከፈት የብረት ሳጥን ይገዛል። ሳጥን ከተገኘ ደግሞ ሐበሻ ሽጉጥ ብቻ አያስቀምጥበትም። የዜግነት ወረቀት፣ የሚስት ወርቅ፣ የዕቁብ ደብተር፣ ከአገር ቤት የመጣ የቤት ካርታ ከላይ ይጨመራል። ሽጉጡ ከሁሉ ሥር ነው። የመክፈቻው ቁጥር በየቤቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የልጅ ልደት ነው። ልጁ ልደቱን በደንብ ያውቃል። የሚረሳው አባትየው ነው። ይሄን ቀይሩ ብዬ ለፍልፌያለሁ።

ደፋሩ ልጅም አልቀየረም። አንድ ሌሊት ሳሎን ውስጥ ኮሽ አለ። ብንን ብሎ አልጋው ሥር ገባና ቁጥር መጫን ጀመረ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። አልከፈት አለ። እንደገና። ጢጥ ጢጥ ጢጥ።

"ልደቱ ነው እኮ!" አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ! በፈረንጁ ነው በኛ?"

"በፈረንጁ።"

"በፈረንጁ መቼ ነው?"

ሳጥኑ ብዙ ሲሳሳቱበት ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ይዘጋል። ረዘም ያለ ድምፅ አሰምቶ ተዘጋ። አሥራ አምስቱ ጥይት ከወርቁና ከዕቁብ ደብተሩ ጋር ተቆለፈባቸው። ሳሎን ውስጥ ያለው ኮቴ ወደ መኝታ ቤቱ ተጠጋ። በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

እናቱ ናቸው። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሳምንት አልሞላቸውም፤ እንቅልፋቸው ገና እዚያው አገር ነው። ዳዊታቸውን ሊደግሙ ተነስተው መነጽር ሲፈልጉ ነው የተሰሙት።

"ልጄ፣ በሌሊት ሳጥኑን ምን ያስጮኸዋል?" አሉ በበሩ ቀዳዳ። "ፓስፖርቴን ከሆነ የምትፈልገው፣ እኔ ትራሴ ሥር ነው ያደረግኩት።"