ጉዱ ካሣን ካሜራ እንዴት ይየው?

አንድ የታወቀ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ወይም ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ ክርክሩ ሁሌም ያው ነው። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልነበረም።» «ያቺን ክፍል ለምን ቆረጧት?» «ሰብለ ይቺን አትመስልም።» ቁጭቱ ይገባኛል፤ የምንወደው ነገር ተነክቶብናል። መለኪያው ግን ትክክል አይመስለኝም። ፊልም መጽሐፉን ገጽ በገጽ ስለተከተለ ብቻ ጥሩ አይሆንም። እንዲያውም የእኛ አገር ፊልሞችና ድራማዎች ከጽሑፍና ከመድረክ መላቀቅ አቅቷቸዋል ባይ ነኝ።

ፍቅር እስከ መቃብርን እንውሰድ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ በሁለቱ ፍቅረኞች፣ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል፣ አይጀምርም። መጀመሪያ የምናገኘው የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። ማንኩሳ ላይ ተገናኝተው ትዳር ሲይዙ፣ ልጅ ሲወልዱ፣ ልጁን ለቤተ ክርስቲያን ሲሳሉ እናያለን። ዋናው ፍቅር ገና ሩቅ ነው። ደራሲው አይቸኩሉም፣ አንባቢውም አብሯቸው ይረጋጋል። ልብ ወለድ ይህ ነፃነት አለው። ሲደክምህ ትዘጋዋለህ፣ ነገ ትቀጥላለህ፣ የወደድከውን ገጽ ተመልሰህ ታነበዋለህ። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ግን በፊልሙ ሰዓት ነው የሚሄደው። ስለዚህ የቦጋለንና የውድነሽን ታሪክ ያሳጠረ ዳይሬክተር ቢመጣ፣ ገና ለገና አሳጠረ ብዬ አልፈርድበትም።

የሚከብደው ሌላው የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ፣ ጉዱ ካሣ ነው። ጉዱ ካሣ የተባለው ካሣ ዳምጤ ብቻውን ያወራል፤ አገሬው እብድ ይለዋል። እሱ ግን የባላባቱን ሥርዓት፣ የዘር ኩራቱን፣ ማንም ሳይጠይቅ የሚከተለውን ልማድ አንድ በአንድ ይፈትሻል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ ሰብለን ያለ ባል ሲያስቀምጧት፣ ነገሩን በስሙ የሚጠራው እሱ ነው። ሲናገር ገጽ ይሞላል። ስናነበው አይሰለቸንም። ከሰውዬው ሐሳብ ጋር ብቻችንን ነን፤ ቆም ብለን እናስባለን፣ በልባችን እንከራከረዋለን። ያንኑ ንግግር እንዳለ ለተዋናይ ሰጥተህ ካሜራውን ፊቱ ላይ ብትተክለው ግን ስብከት ይሆናል። ቃሉ ሳይለወጥ ሰውዬው ይለወጣል።

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ይህ ችግር አልገጠመውም። ሬዲዮው ተራኪውን አላጠፋውም። አንድ ሰው ድምፁን እየለዋወጠ ሁሉንም ሆነ፤ የሰብለን መልክ የሚስለው ግን አሁንም አድማጩ ነበር። በፊልም ተራኪው ይሄዳል፣ የሰብለም መልክ አንድ ብቻ ይሆናል። ይህ ኪሳራ ነው፣ አልክድም። በምትኩ ፊልም የሚያገኘው ነገር ስላለ ነው ሙያው የሚያስፈልገው።

ምን እንደሚያገኝ ማየት የሚፈልግ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይመልከት። ንጉሣዊው ሥርዓት በሚወድቅበት ሰሞን እዚሁ አገር ቤት በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ፊልም ነው። እዚያም እንደ እብድ የሚታይ፣ ግን እውነቱን የሚናገር ሰው አለ። እሱም ዝምተኛ አይደለም። ይሁን እንጂ ካሜራው ጭሰኞቹ ሲያርሱና ሲለፉ ብዙ ጊዜ ወስዶ ያሳየናል። የባለርስቱን አቀማመጥና ቁጣ እናያለን። ስለዚህ ሰውዬው ሲናገር አዲስ ወሬ አያመጣም፤ ዓይናችን ያየውን ነው የሚመሰክረው። ንግግሩ ክብደት የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ወደ ዛሬዎቹ ድራማዎቻችን ስመጣ የምበሳጨው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሆነውንም፣ የሚሆነውንም፣ የተሰማቸውንም ይነግሩናል። ያ ካልበቃ ስልክ ይደወላል፣ ያው ነገር እንደገና ይወራል። ቅር ያላት ሴት «ቅር ብሎኛል» ትላለች። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ብዙዎቹ ባለሙያዎቻችን ከመድረክና ከሬዲዮ የመጡ ናቸው። ቲያትር ቤት የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የተዋናዩን ዓይን አያይም፣ ስለዚህ ቃሉ ይሸከምለታል። ሬዲዮማ ከድምፅ ሌላ ምንም የለውም። ካሜራ ግን ዓይን ድረስ ይጠጋል። ተጠግቶ ሲያበቃ ደግሞ ማስረዳት ለምን? ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ሁሉ ነገር ካልተነገረው አይገባውም ማለት ንቀት ነው።

እኔ ጉዱ ካሣን በፊልም ሳስበው መጀመሪያ አላስናገረውም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ ሰዉ ገለል ሲልለት ባይ እወዳለሁ። ልጆች ከኋላው ሲስቁ፣ ፊታውራሪ ግብር ላይ እሱ ሲገባ ወሬው ሲቋረጥ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሰብለ ብቻ ቀና ብላ ስታየው። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር። ሙሉውን ንግግር የፈለገ ተመልካች መጽሐፉን ገዝቶ ያነባል።